ያዋጣል ወይ ላልሽው፦ ሁለት ልጅ ይዞ በርካሽ ትኬት መብረር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ቀድሞ ሄዷል፤ አንቺ የ4 ዓመት ልጅሽንና የ9 ወሩን ሕፃን ይዘሽ ለብቻሽ 4 ሰዓት የሚፈጅ በረራ አለብሽ፤ የርካሹ አየር መንገድ ትኬት ከሌላው በግማሽ ይቀንሳል። «ያዋጣል ወይ? ተጨማሪ ክፈይ ከሚሉኝ ነገሮችስ የቱን ልክፈል፣ የቱን ልተው?» ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ብዙዎቹ «ሕፃን ይዘሽ አትሞክሪው» ብለውሻል። እኔ እንደዚያ አልልሽም። ልጆቼ ትንንሽ በነበሩባቸው ዓመታት እንዲህ ባሉ አውሮፕላኖች ብዙ ተመላልሻለሁ፤ ግማሹን ጊዜ አብሮኝ ሌላ ትልቅ ሰው አልነበረም። ያዋጣል፤ ግን መጀመሪያ ባየሽው ዋጋ አይደለም። ሁለት ነገር ላይ ገንዘብ አውጪ፦ ወንበር ላይና የበረራው ሰዓት ላይ። የቀረው በዘዴ ይታለፋል።

ከወንበሩ ልጀምር፤ እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ትልቋ ልጄ 5 ዓመቷ፣ ትንሹ 7 ወሩ ነበር። ወንበር ለመምረጥ የጠየቁኝን ገንዘብ አልከፈልኩም። እናትና ሕፃን ልጅን ማን ይለያል ብዬ ነው። ቼክ ኢን ሳደርግ ለእኔ 7ኛው ረድፍ፣ ለእሷ 22ኛው ረድፍ መሃል ወንበር ወጣልን። መሳፈሪያ በሩ ላይ ያሉትን ሠራተኞች ባናግራቸው «ውስጥ ያስተካክሉልሻል» አሉኝ። ውስጥ ስንገባ አስተናጋጇ መጀመሪያ ያሰበችው እኔን ከነሕፃኑ ወደ 22 ማዛወር ነበር። ግን እዚያው ረድፍ፣ በዚያው በኩል ሌላ እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ለምን እንደማይሆን ያን ቀን ነው የገባኝ፦ እንደ ቦይንግ 737 እና ኤርባስ ኤ320 ባሉ አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ካሉ ሦስት ወንበሮች በላይ የሚወርደው የኦክስጅን ጭምብል አብዛኛውን ጊዜ 4 ነው። ሦስቱ ለተቀማጮቹ፣ አራተኛው ወንበር ሳይገዛለት ለሚታቀፍ አንድ ሕፃን። ሁለት ሕፃናት በአንድ በኩል ከታቀፉ አንዱ ጭምብል አይደርሰውም። ስለዚህ መምጣት ያለባት ልጄ ሆነች፤ ያ ደግሞ ከእኔ ጎን ካሉት አንዱ ይነሣላት ማለት ነው።

ልጄ መተላለፊያው ላይ ቆማ የኮቴን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ከኋላችን ሻንጣ የያዘ ሰው ተደርድሮ ይጠብቃል። አስተናጋጇ «ወንበር ሊለዋወጥ ፈቃደኛ የሆነ አለ?» ስትል ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ሁሉም ስልኩን ያያል። በመጨረሻ መስኮቱ ጋ የነበረ ወጣት ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር ጎትቶ አወጣና ተነሣ። ሲያልፈኝ አመሰገንኩት። «ከፍዬበት ነበር፤ ግን ችግር የለም» ብሎኝ ወደ 22 መሃል ወንበር ሄደ።

በተሳፋሪዎቹ ዝምታ አልተቀየምኩም። ሰው የከፈለበትን ወንበር ልቀቅ ተብሎ አይገደድም። የተናደድኩት በኩባንያው ነው። ልጅን ከእናቷ የሚለይ አሠራር ራሱ ዘረጋ፤ እንዳትለይ ክፍያ ጠየቀ፤ ሳይከፈለው ሲቀር ደግሞ እሱ ያበላሸውን ያ የማናውቀው ወጣት በራሱ ገንዘብ አስተካከለለት። የ5 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጎን መቀመጧ እንደ ሰፊ የእግር ቦታ የሚሸጥ ምቾት መሆን የለበትም። አየሩ ቢናወጥ ቀበቶዋን ማን ያጠብቅላታል? ጭምብል ቢወርድ ማን ያጠልቅላታል? 22ኛው ረድፍ ላይ ያለ እንግዳ ሰው?

ካናዳ ይህን በሕግ ዘግታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ አየር መንገዶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከ5 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ከወላጁ አጠገብ፣ ከ5 እስከ 11 ያለውን በዚያው ረድፍ በመሃል ከአንድ ወንበር በላይ ሳያራርቁ፣ 12 ወይም 13 ዓመት የሆነውን ቢበዛ በአንድ ረድፍ ርቀት እንዲያስቀምጡ ይገደዳሉ። የብሪታንያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም መመሪያ አለው፤ ትንንሽ ልጆች በተቻለ መጠን ከወላጃቸው ጋር በአንድ ረድፍ፣ ካልሆነም ከአንድ ረድፍ ሳይርቁ ይቀመጡ ይላል። አንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ ወላጁ የራሱን ወንበር እንዲገዛ ያስገድዱና የልጆቹን በነጻ ይሰጣሉ። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት የምትበሪበትን ኩባንያ የቤተሰብ አቀማመጥ ደንብ አንብቢ። በነጻ የሚሰጥሽን አትግዢ። በግልጽ «አጠገብሽ እናስቀምጣታለን» የሚል ነገር ካላገኘሽ ግን ክፈይ፤ እንደ እኔ ተስፋ አድርገሽ አትሂጂ።

ሁላችሁም በአንድ ቦታ ማስያዣ ቁጥር ሥር መሆናችሁንም አረጋግጪ። ትኬቱ ለየብቻ ከተገዛ ሲስተሙ እናትና ልጅ መሆናችሁን በምን ያውቃል? በሦስተኛ ወገን ድረ ገጽ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ሕፃኑ በትክክል መመዝገቡን፣ የገባውም ኢሜይል ያንቺው መሆኑን እዪ። የበረራ ለውጥ መልእክት ለአንቺ ሳይሆን ለሻጩ ሲሄድ አይቻለሁ።

የትኛውን ወንበር ካልሽኝ፣ ልጅቷን መስኮት ጋ፣ አንቺን መሃል። ብዙ ሰው «ሕፃን ከያዝሽ መተላለፊያው ዳር ተቀመጪ» ይላል። እኔ ግን መተላለፊያው ዳር ሆኜ ትኩስ ሻይ በልጄ ጭንቅላት ላይ ሲያልፍ ካየሁ ወዲህ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም። ዳር ያለውን ሰው «ይቅርታ» ብሎ ማስነሣት ይሻላል። ረድፉ ወደ ኋላ ቢሆን አይክፋሽ፤ መጸዳጃው ይቀርብሻል፤ ዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛም ካለ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። የታቀፍሽው ሕፃን በአውሮፓ አየር መንገዶች ከአንቺ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ቀበቶ ይሰጠዋል፤ የአሜሪካዎቹ አይሰጡም፤ እዚያ ያንን ዓይነት ቀበቶ መጠቀም ክልክል ነው። አቅም ካለሽ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው ለሕፃኑም ወንበር ገዝቶ ለአውሮፕላን በተፈቀደ የሕፃን የመኪና ወንበር ማሰር ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ርካሽ አየር መንገድ የሚኖረው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ባለመቆሙ ነው። ካረፈ በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ መንገደኛ አራግፎ፣ ሌላ ጭኖ ይነሣል፤ ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። ጠዋት 20 ደቂቃ የዘገየ አውሮፕላን ማታ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ቢመጣ አይግረምሽ። የቀኑ የመጨረሻ በረራ የሁሉንም መዘግየት ተሸክሞ ነው የሚደርሰው። ብዙ ጊዜ ርካሹም እሱ ነው።

እኔን አንድ ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊነሣ የነበረ በረራ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አስቀመጠኝ። ሱቆቹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ አንድ በአንድ ተዘጉ። ለጡጦ የያዝኩት ውኃ አለቀብኝ፤ ልጄ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ኮቴ ላይ ተኛች፤ ሕፃኑን በማዘያ ይዤ በሩ ፊት ለፊት ስመላለስ አንድም ሠራተኛ መጥቶ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አላለኝም። በኋላ ሳነብ ነው መብት እንደነበረኝ ያወቅኩት፤ በረራዬ የተነሣው ከአውሮፓ ኅብረት አገር ነበርና። የኅብረቱ ደንብ 261/2004 መዘግየቱ እስከ 1500 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ጉዞ 2 ሰዓት፣ ከ1500 እስከ 3500 ለሆነው 3 ሰዓት፣ ከዚያ ለሚርቀው (ከኅብረቱ አገሮች ውጪ ለሆነ ጉዞ) 4 ሰዓት ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ምግብና መጠጥ በነጻ እንዲቀርብ ያዛል። በረራው ለማግሥቱ ከተላለፈም ማደሪያ። ያንቺ የ4 ሰዓት በረራ መካከለኛው ውስጥ ይገባል ብዬ እገምታለሁ። ማንም ካላቀረበልሽ ራስሽ ገዝተሽ ደረሰኙን ያዢ፤ ተመጣጣኝ ወጪ ከሆነ እንዲመልሱልሽ ትጠይቂያለሽ። 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይተሽ ከደረስሽ፣ ምክንያቱም እንደ ከባድ የአየር ጠባይ ከኩባንያው አቅም ውጪ ካልሆነ፣ በርቀቱ መጠን 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሳ አለ። የራሷ ትኬት ላላት ልጅሽም እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚታሰበው። ይህ የሚሠራው ከኅብረቱ አገር ለሚነሣ በረራ፣ ወይም ወደዚያ ለሚገባና አየር መንገዱ የኅብረቱ ለሆነ በረራ መሆኑን ልብ በይ። ብሪታንያም ተመሳሳይ ሕግ አላት።

ስለዚህ ልዩነቱን ብትከፍዪም የጠዋቱን ውሰጂ። ልጆችን በሌሊት የሚያስነሣውን የንጋቱን ሳይሆን ቀጥሎ ያለውን። ቢሰረዝ እንኳ ቀን ከፊትሽ አለ። የሚያርፍበትን አየር ማረፊያ ስምም በካርታ ፈልጊው፤ ከተማው ስም ተሰጥቶት ከከተማው አንድ ሰዓት የሚርቅ አለ። ከ4 ሰዓት በረራ በኋላ የአንድ ሰዓት አውቶቡስ ከሁለት ልጅ ጋር ምን እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ሻንጣን በተመለከተ፣ ብዙ እናቶች የሚስቱት ነገር አለ። የ4 ዓመት ልጅሽ ሙሉ ወንበር ስለተገዛላት የራሷ ትንሽ የእጅ ቦርሳ መብት አላት። የሚታቀፈው ሕፃን ግን እንደ ትልቅ ተሳፋሪ አይቆጠርም፤ አንዳንዶቹ አየር መንገዶች ለሕፃን ዕቃ አንድ ቦርሳ ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ አይፈቅዱም። ስለዚህ የልጅቷን ቦርሳ በአሻንጉሊት አትሙዪው፤ ዳይፐሩና ቅያሪ ልብሱ እዚያ ይግባ። ቦርሳውን ቤት ሳለሽ በሜትር ለኪው፤ ጎማውና እጀታው ጭምር ይቆጠራል። በር ላይ ያለው የብረት መለኪያ ውስጥ ካልገባ የሚጠይቁሽ ክፍያ ቀድመሽ ብትገዢ ከምትከፍዪው በጣም ይበልጣል። ወተትና የሕፃን ምግብ ከ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ውጪ ነው፤ ለጉዞው የሚበቃ መያዝ ትችያለሽ፤ ፍተሻ ላይ ለብቻው አውጥተሽ አሳዪያቸው።

የሕፃኑን ጋሪ አብዛኞቹ አየር መንገዶች በነጻ ይወስዳሉ፤ አውሮፕላኑ ሥር ትሰጫቸዋለሽ። ግን ስትወርጂ ደረጃው ሥር ይጠብቀኛል ብለሽ አታስቢ፤ ብዙ ጊዜ ከሻንጣ ጋር በሚሽከረከረው የሻንጣ መቀበያ ላይ ነው የሚወጣው። እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ በጋሪ ሳይሆን በጉልበትሽ ነው፤ ለዚህ ነው ማዘያ ያስፈልግሻል የምልሽ። ከማስረከብሽ በፊት ጋሪውን ከአራቱም በኩል በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የእኔ አንድ ጊዜ የፊት ጎማው ተሰብሮ ወጣ፤ ደክሞኝ ስለነበር ሳላስመዘግብ ወደ ቤቴ ሄድኩና ካሳው ቀረብኝ። አንቺ ግን ከአየር ማረፊያው ሳትወጪ አስመዝግቢ። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ በጽሑፍ ማቅረቢያው ከተረከብሽበት ቀን አንሥቶ 7 ቀን ብቻ ነው።

ቀድሞ ለመሳፈር የሚከፈለውን ተዪው። ከፍዬ አይቼዋለሁ፤ ትኬትሽን ቀድመው ያዩልሽና ደረጃው ላይ ወይም አውቶቡሱ ውስጥ ሕፃን ታቅፈሽ ረጅም ጊዜ ያቆሙሻል። ወንበርሽ የታወቀ ነው፣ ቦርሳሽ ከወንበር ሥር የሚገባ ነው፤ የሚያስቸኩልሽ የለም። ልጆቹ እስከ መጨረሻው ድረስ አዳራሹ ውስጥ ይሩጡ። በነጻ ቤተሰብን የሚያስቀድም ከሆነም ራስሽ ወስኚ፤ እኔ ግን አልሄድም።

ጆሮን በተመለከተ፣ ሕፃናት የሚያለቅሱት በብዛት ሲወረድ ነው። ግፊቱ ሲለወጥ ጆሮ የሚከፈተው በመዋጥ ስለሆነ ለሕፃኑ ጡት ወይም ጡጦ አቆዪለት። ማረፊያው ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀር ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔ ስጪው። ብዙዎች የሚያስቡት አውሮፕላኑ ሲያርፍ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ረፍዷል። ለትልቋ የሚመጠጥ ነገር ይበቃታል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስላልጠየቅሽው ነው የምጽፈው። ለብቻሽ ልጆች ይዘሽ ድንበር ስለምታቋርጪ የባለቤትሽን የፈቃድ ደብዳቤና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ያዢ፤ በተለይ በፓስፖርት ላይ የአንቺና የልጆቹ ስም ካልተመሳሰለ። ብዙ ጊዜ አይጠይቁም። የጠየቁ ቀን ግን ሁለት ልጅ ይዞ የኢሚግሬሽን መስኮት ፊት መከራከር ከባድ ነው።

የጋሪሽን ዓይነትና የአየር መንገዱን የቦርሳ ልክ እዚህ ብትጽፊልኝ የቱ ካቢን (የመንገደኛው ክፍል) ውስጥ እንደሚገባ አብረን እናያለን። ወንበሩን ግን እስከ ነገ አታቆዪው፤ ከኋላ ያሉት ጥንድ ወንበሮች ቶሎ ያልቃሉ።