ሁለት ነጥብ አራት ወይስ ሁለት ነጥብ ስምንት? የመሥሪያ ቤት መኪና የናፍጣ ሞተር ምርጫ

ጥያቄ፦ ቢሮው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ፣ ሊፍት በሚተክልና በሚጠግን ድርጅት ውስጥ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ለቴክኒሻኖቻችን አንድ ባለ ሁለት ገቢና ፒክ አፕ እንድንገዛ ተፈቅዶልን ሦስት አማራጮች ቀርበውልናል። ሁለቱ አገር ውስጥ የገቡ፣ ገና ያልተነዱ ቶዮታ ሃይሉክሶች ሲሆኑ አንደኛው ባለ 2.4 ሊትር፣ ሌላኛው ባለ 2.8 ሊትር ቱርቦ ሞተር አላቸው። ሦስተኛው ያገለገለና ቱርቦ የሌለው የድሮው ባለ 3.0 ሊትር ነው። ሥራ አስኪያጃችን 2.8ቱን ይፈልጋሉ፤ የፋይናንስ ኃላፊዋ 2.4ቱ ይበቃል ይላሉ፤ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋው ሾፌራችን ደግሞ «ኮምፒውተር የሌለበትን ግዙ፣ የትም ይሠራል» ብለው ቆርጠዋል። መኪናው በሳምንት አምስት ቀን በሜክሲኮ፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በቦሌ መካከል ይመላለሳል። በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ወደ አዳማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል። ጭነቱ ከነሰዎቹ ከ600 ኪሎ አይበልጥም። እንዴት እናወዳድር?

መልስ፦ መኪናው የት እንደሚውልና ምን ያህል እንደሚጭን ለይተው ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ አብዛኛው ጠያቂ ይህን ትቶ የፈረስ ጉልበት ብቻ ይልክልናል። ለገለጹት ሥራ እኔ 2.4ቱን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ከመግዛትዎ በፊት ከጭስ ማውጫው ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ ማጣራት አለብዎት፤ ወደ እርሱ ዝቅ ብዬ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የከተማችንን አየር እናንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ስለሆነ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። የድሮው ባለ 3.0 ሊትር የቶዮታ ናፍጣ ሞተር በፋብሪካ ወረቀቱ ላይ 100 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፤ ከለገሃር ተነሥቶ የቸርችልን ዳገት ወደ ፒያሳ ሲወጣ ግን በእጁ ያለው 75 ገደማ ብቻ ነው። ፖምፓው የሚረጨው ናፍጣ በአየሩ ልክ ካልተስተካከለ ደግሞ ትርፉ ነዳጅ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ በዚያ ዳገት ላይ ከአሮጌ መኪና ኋላ ቆሞ ያልታፈነ የከተማችን ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የጎደለውን በአብዛኛው ይተካል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሃይሉክስ ላይ የመጡት ሁለቱ ሞተሮች ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። የ2.4ቱ ጉልበት 150 የፈረስ ጉልበት ሲሆን ቶርክ የሚባለው የመጎተት አቅሙ እንደ ማርሹ ዓይነትና እንደ ተላከበት ገበያ 343 ወይም 400 ኒውተን ሜትር ነው። 2.8ቱ 177 የፈረስ ጉልበት ኖሮት በእጅ ማርሽ 420፣ በአውቶማቲክ 450 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከተሻሻለ በኋላ 204 የፈረስ ጉልበትና በአውቶማቲክ 500 ኒውተን ሜትር የደረሰም አለ። ስለዚህ ሻጩ «2.8 ነው» ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ዓመትና የትኛው ማርሽ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የድሮው ሞተር የመጎተት አቅም በፋብሪካ ልኩ እንኳ ወደ 200 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ መሆኑን ከነዚህ ጋር ሲያስተያዩት ለ600 ኪሎ ጭነት 2.4ቱ ከበቂ በላይ እንደሆነ ይታይዎታል። ቱርቦ ግን ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ አይነፋም። በዳገት ላይ ቆሞ የሚነሣ መኪና ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ቱርቦ እንደሌለው ሆኖ ነው የሚነሣው፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ ያ ድካም ይበልጥ ይሰማል። ትልቁ 2.8 በዚህች ቅጽበት ይሻላል፤ ሥራ አስኪያጁ ለምርጫቸው ምክንያት ከፈለጉ ያለው ይህ ነው። የመኪናው ሥራ በየሳምንቱ በዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሙሉ ጭነት ይዞ መሻገር ቢሆን ኖሮ እኔም ከእርሳቸው ጋር በቆምኩ ነበር።

የጋሼን ሐሳብ እንደ ዘበት የሚያልፉት አይሁን። የድሮው ሞተር ፖምፓ በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ በመሆኑ ትንሽ ቆሻሻ ናፍጣ ይችላል፤ ፖምፓና ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ክፍል) የሚፈታ ባለሙያም በየቦታው ይገኛል። በአዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣው ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ እጅግ ጠባብ በሆኑ ቀዳዳዎች ስለሚረጭ ጥቂት ውኃ ወይም አሸዋ አራቱንም ኢንጀክተሮች ሊያበላሽ ይችላል። ነገር ግን መፍትሔው ሩብ ጉልበቱን ያጣ ያገለገለ ሞተር መግዛት አይመስለኝም። የናፍጣ ፊልትሮውን ጊዜውን ጠብቆ በዋናው መለዋወጫ መቀየር፣ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስና የዳሽቦርዱ የውኃ መብራት ሲበራ ሞተሩን ማጥፋት ይበልጥ ያዋጣል። ነዳጅ ሲጠፋ በበርሜል አከማችቶ በጀሪካን መቅዳት በብዙ ድርጅቶች ግቢ ውስጥ የተለመደ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ የሚጠራቀመው ጤዛና ዝገት የእነዚህ ሞተሮች ቀንደኛ ጠላት ስለሆነ ይህን ልማድ ለአዲሱ መኪና አያውርሱት።

አሁን ወደ ጭስ ማውጫው እንመለስ። ወረቀት ብቻ የሚያወዳድሩ ገዢዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። አንዳንድ የናፍጣ መኪኖች፣ በተለይ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት፣ ባለሙያዎች ዲፒኤፍ የሚሉት የጥቀርሻ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው የሚይዘውን ጥቀርሻ በየጊዜው ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት አቃጥሎ ራሱን ያጸዳል፤ ለዚህም መኪናው ሳያቋርጥ ሃያ ደቂቃ ገደማ በመጠነኛ ፍጥነት መሄድ ይኖርበታል። ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ እየቆመ እየተነሣ የሚውል መኪና ያን ሙቀት አያገኝም። ማጽዳቱ ተጀምሮ ሲቋረጥ በአንዳንድ ሞተሮች ለማቃጠያ የተረጨው ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ማጣሪያውም እየታፈነ ሄዶ መኪናው ጉልበቱን በራሱ ይቀንሳል። ሌላው የናፍጣው ሰልፈር ነው፦ ከአውሮፓ የጭስ መለኪያ ደረጃዎች የዩሮ 4 ደረጃ ከሚሊዮን 50፣ የዩሮ 5 ደረጃ ከሚሊዮን 10 እጅ የማይበልጥ ሰልፈር ያለው ናፍጣ ይጠይቃል፤ ሰልፈር ሲበዛ ማጣሪያውም ሌላው የጭስ ማጽጃ ክፍልም ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ የቀረቡልዎት ሁለት መኪኖች ለየትኛው የዩሮ ደረጃ እንደተሠሩ፣ ዲፒኤፍ እንዳላቸውና እንደሌላቸው፣ አድብሉ የተባለውን፣ ጭሱን ለማጽዳት የሚጨመረውን የዩሪያ ፈሳሽ እንደሚጠይቁና እንደማይጠይቁ ከሻጩ በፊርማ ይቀበሉ። 2.4ቱ ማጣሪያ ኖሮት 2.8ቱ ባይኖረው እኔ ሐሳቤን ቀይሬ 2.8ቱን እገዛለሁ። ሁለቱም ካላቸው ደግሞ የወር ጉዞዎን ወደ ሳምንት አቅርበው፣ መኪናውን ቢያንስ በየሳምንቱ በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ማናፈስ ይኖርብዎታል፤ ለዚያ የሚወጣው ናፍጣም ከወጪው ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ማጣሪያውን በጋራዥ ቆርጠን እናውጣው የሚል ምክር እንደሚቀርብልዎት አውቃለሁ፤ እኔ አልመክርም፤ በእግረኛው መንገድ ላይ ያሉት ሰዎች ሳንባ የድርጅቱ ወጪ መቀነሻ አይደለምና።

የናፍጣውን ልዩነት ለፋይናንስ ኃላፊዋ በቁጥር ለማሳየት ሁለቱን መኪኖች በራሳችሁ መንገድ ፈትኑ። ታንከሩን ሞልታችሁ፣ እውነተኛውን የመሣሪያ ሳጥንና ሦስት ቴክኒሻን ጭናችሁ፣ በሥራ ሰዓት የተለመደውን መስመር ዞራችሁ በዚያው ማደያ ስትሞሉ የተጨመረውን ሊትር ለተሄደበት ኪሎ ሜትር አካፍሉ። በ100 ኪሎ ሜትር የአንድ ሊትር ልዩነት ብታገኙና መኪናው በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ልዩነቱ 200 ሊትር ነው። ይህ ቁጥር ከዋጋቸው ልዩነት ጋር ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሆኖ ይገኛል፤ 2.4ቱን የማስቀድመው በዋናነት በግዢ ዋጋው ነው፣ በናፍጣው አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ሰነዱ፦ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ስለተደረገ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የቀረቡልዎት መኪኖች የጉምሩክ ሰነድ የተሟላ መሆኑን፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥራቸውም ከሰነዱ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። ከከተማ የማይወጣ ሁለተኛ መኪና የምትፈልጉ ከሆነ ግን ስለ ናፍጣ ባትጠይቁኝ እመርጣለሁ፤ ለዚያ ሥራ ኤሌክትሪኩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለማተሚያ ቤታችን ወረቀት ማመላለሻ ያገለገለ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ሃይሉክስ ልንገዛ ነው። 145,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሻጩ «ሞተሩ ምንም አልተነካም» ይሉናል። ይህ መልካም ነው? ከአራት ኪሎ።

መልስ፦ በዚህ ሞተር ላይ «አልተነካም» የሚለው ቃል ሊያሳስባችሁ ይገባል። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ አዲስ ሞተሮች የቫልቮቹንና የፒስተኑን እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ የታይሚንግ ሰንሰለት ሲኖራቸው፣ ከእነርሱ በፊት የነበሩት የ2.5ና የ3.0 ሊትር ቱርቦ ሞተሮች በሰንሰለት ፈንታ በችንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው የሚሠሩት፤ የእነዚህ ችንጋ መቀየሪያ ጊዜ እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ነው። ችንጋው ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጭና ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) እስከ ማውረድ ያደርሳል። ስለዚህ የቅያሪ ደረሰኝ ካላሳዩአችሁ የችንጋውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፤ መኪናውንም ሳታሠሩ አትጫኑበት።

መኪናውን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሣ እዩት። ለረጅም ጊዜ የማይጠፋ ነጭ ጭስ የኢንጀክተር ወይም የካንዴሌታ (ሞተሩ ሲነሣ የሚያሞቀው ክፍል) ችግርን፣ ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይትን ያመለክታል። ከዚያ ኢንጀክተር ወደሚሠራ ባለሙያ ወስዳችሁ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚመልሰውን የናፍጣ መጠን አስለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ አብልጦ የሚመልስ ከሆነ ያለቀው እርሱ ነው። ሻጩ ሞተሩን ቀድመው አሙቀው ከጠበቋችሁ አመስግናችሁ ሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ።