ጥያቄና መልስ፦ «ሰላም» በኮምፒውተር ስንት ፊደል ነው?

ጥ፦ የ«ሰላም»ን ርዝመት ስጠይቅ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ 3፣ ጎላንግ የተባለው ደግሞ 9 ይለኛል። የተሳሳተው የትኛው ነው?

መ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚቆጥሩት ነገር ነው የሚለያየው። ፓይተን የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጥ መለኪያ) ፊደል ይቆጥራል፣ ጎላንግ ባይት (ባለ 8 ቢት የኮምፒውተር ማከማቻ አሃድ)። የ«ሰላም» ፊደላት ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የማስቀመጫ ዘዴ) እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። ባይት መቁጠር ፈጣን ነው፣ ርዝመቱን ለማወቅ ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልግም። ጣጣው የሚመጣው ሲቆረጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን 4 ባይት ከወሰዱ «ሰ» ሙሉ ይወጣል፣ «ላ» ግን ተሰብሮ በቦታው የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ይታያል። ስለዚህ ጎላንግ ላይ መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ሩን ስላይስ (የዩኒኮድ ፊደላት ዝርዝር) ቀይረው ከዚያ ይቁረጡ። ረስት የተባለው ቋንቋ ደግሞ ፊደል መሃል ላይ ሲቆርጡ ፕሮግራሙን እዚያው ያስቆመዋል። የተበላሸ ጽሑፍ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ ከሚቀር ይህ በጣም ይሻላል።

ጥ፦ ጃቫስክሪፕትስ?

መ፦ 3 ይላል፤ የሚቆጥረው ግን ባለ 16 ቢት አሃድ ነው። በ2021 በዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ የተጨመሩት ፊደላት በ16 ቢት ስለማይገቡ እያንዳንዳቸው 2 ሆነው ይቆጠራሉ።

ጥ፦ ፓይተን ላይ «፭»ን ኢዝዲጂት (አሃዝ መሆኑን የሚፈትሸው) «አሃዝ ነው» ይለኛል፤ ኢንት (ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይረው) ግን አልቀበልም ብሎ ስህተት ያወጣል። ለምን?

መ፦ ኢንት የሚፈልገው በቦታ ዋጋ የሚጻፍ አሃዝ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮም የቦታ ዋጋም የለውም፦ «፳፭» ሃያና አምስት ተደምረው ነው፣ «፪፻» ደግሞ ሁለት በመቶ ተባዝቶ። ስለዚህ ዩኒኮድ «፭»ን አሃዝ ቢለውም የአስርዮሽ አሃዝ አይለውም። «፳» ላይ ሲደርሱማ ኢዝዲጂት ራሱ «አይደለም» ይላል። ኢንት ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት በኢዝዴሲማል (የአስርዮሽ አሃዝ መሆኑን በሚፈትሸው) ያጣሩ። የግዕዙን ዋጋ ዩኒኮድዳታ ሞጁል ውስጥ ያለው ኑመሪክ ይሰጥዎታል፣ ለ«፳» 20.0 ይመልሳል። መደመሩንና ማባዛቱን ግን ራስዎ መጻፍ አለብዎት።

ጥ፦ ጃቫስክሪፕት 9፣ 10 እና 1ን ሲደረድር 1፣ 10፣ 9 ያደርጋቸዋል።

መ፦ ሶርት (የሚደረድረው ትእዛዝ) ማወዳደሪያ ካልተሰጠው ሁሉን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ነው የሚያወዳድረው። አንደኛውን ከሁለተኛው ቀንሶ የሚመልስ ፈንክሽን ይስጡት።

ጥ፦ ሰኞን 0 ብዬ ከሰኞ 3 ቀን በፊት የነበረውን ዕለት ለ7 በማካፈል ቀሪ አሰላለሁ። ፓይተን ላይ ይሠራል፣ ጃቫ ላይ ይወድቃል።

መ፦ ፓይተን ቀሪ ለማውጣት ሲያካፍል ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚያጠጋጋ -3 ለ7 ተካፍሎ ቀሪው 4፣ ማለትም ዓርብ ይሆናል። ጃቫ ወደ ዜሮ ስለሚቆርጥ ቀሪው -3 ነው፤ በዚያ ቁጥር አሬይ (በተራ ቁጥር የሚጠራ ዝርዝር) ውስጥ ሲገቡ ይሰበራል። ጃቫ ላይ ማዝ ውስጥ ያለውን ፍሎርሞድ (ወደ ታች አጠጋግቶ ቀሪ የሚሰጠውን) ይጠቀሙ።