«ሰው አልባ» ወይስ «ራስ ገዝ» መርከብ? ሶናርስ በአማርኛ እንዴት ይገለጽ?

ጥያቄ፦ ስለ ዘመናዊ መርከቦች የተጻፈ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ሰው አልባ መርከብ» እና «ራስ ገዝ መርከብ» የሚሉትን እያፈራረቅኩ ብጠቀም ችግር አለው? «ሶናር»ን «የድምፅ ራዳር»፣ ፓሲቭ ሶናርን ደግሞ «ተገብሮ ሶናር» ብለውስ? ይህንንም ዓረፍተ ነገር ቢያዩልኝ፦ «ራስ ገዟ መርከብ ወደ ታች የላከችው ድምፅ በ0.2 ሰከንድ የገደል ማሚቶ ሆኖ ስለተመለሰ ባሕሩ ከወለሉ 300 ሜትር ይጠልቃል።»

መልስ፦ አያፈራርቋቸው፤ ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው የሚናገሩት። «አልባ» የሚነግረን የጎደለውን ብቻ ነው። ገመድ አልባ ስልክ ገመድ የለውም፤ በምን እንደሚሠራ ግን ቃሉ አይናገርም። ሰው አልባ መርከብም እንዲሁ ናት፤ ላይዋ ላይ ሰው የለም፤ ማን እንደሚመራት ግን ገና አልተነገረንም። ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባጠናቀቀው ግምገማ አራት ደረጃዎችን ለይቷል። በመጀመሪያው መርከበኞች አሉ፣ አንዳንዱ ሥራ ብቻ በማሽን ይከናወናል። በሁለተኛው መርከቧ ከሩቅ ትመራለች፣ መርከበኞችም አሉባት። በሦስተኛው ከሩቅ ትመራለች፣ መርከበኛ ግን የለም። በአራተኛው ሥርዓቱ ራሱ ይወስናል። ሦስተኛዋ ሰው አልባ ናት፤ ራሷን ግን አትመራም። ሁለቱን ቃላት ካፈራረቁ አንባቢዎ ይህን ልዩነት ያጣዋል።

ለአራተኛዋ «ራስ ገዝ» ስህተት ነው አልልም፤ ነገር ግን ቃሉ የአስተዳደር ሽታ አለው። እኔ «ራስ መር» እመርጣለሁ። «ገበያ መር»፣ «ግብርና መር» ማለት ለምደናል፤ ፊት ያለው ስም መሪውን ያሳያል። ለብዙ ሲሆን መብዛቱ በመጨረሻው ስም ላይ ይውላል፦ ራስ መር መርከቦች።

«የድምፅ ራዳር» ይቅር። ራዳር ከስሙ ጀምሮ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሞታል። ሶናር ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። «ሶናር» ብለው ይተዉት፤ መጀመሪያ ሲመጣ «በውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚያገኝ መሣሪያ» ብለው ያብራሩት።

«ተገብሮ» የሰዋስው ቃል ነው፤ «ተሰበረ» ተገብሮ ግስ ነው፣ ድርጊቱ የሚደርስበትን ያሳያል። ፓሲቭ ሶናር ላይ ግን ምንም አይደርስበትም፤ ያዳምጣል። «አድማጭ ሶናር» ይበሉት፣ አክቲቩን ደግሞ «ድምፅ ላኪ ሶናር»። ጥልቀት የሚለካውም፣ ከመርከቧ ፊት ያለውን እንቅፋት የሚፈልገውም ላኪው ነው።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገርዎ። «ማሚቶ» እንደ ስም ጥሩ ነው፤ ለግሱ «ነጥሮ ተመለሰ» ይሻላል። «አስተጋባ»ን ለሌላ ጉዳይ ያስቀምጡት። ጥልቀት በሌለው ውሃ ድምፁ በባሕሩ ታችና በውሃው ገጽ መካከል ደጋግሞ ይነጥራል፤ ያኔ ወደ ፊት የሚያየው ሶናር የሌለ እንቅፋት ሊያሳይ ይችላል። ያ በእርግጥ ማስተጋባት ነው።

300 ሜትር ያሉት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ በ0.2 ሰከንድ 300 ሜትር። ግን ይህ የሄደበትም የተመለሰበትም መንገድ ነው። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ «ደርሶ መልስ»። ቢጠቀሙበት ኖሮ በ2 አካፍለው 150 ሜትር ማለት እንዳለብዎ ቃሉ ራሱ ያስታውስዎ ነበር። ፍጥነቱም ቋሚ አይደለም፤ በሙቀት፣ በጨው መጠንና በግፊት ይለዋወጣል። መሣሪያው 1,500 ብሎ ሲያሰላ እውነተኛው ፍጥነት 1,470 ከሆነ፣ ጥልቀቱ 147 ሜትር ሆኖ ሳለ 150 ይለዋል። ሦስት ሜትር ውሃ በቁጥር ብቻ ተፈጠረ ማለት ነው፤ ከታችኛው አካሏ በታች ጥቂት ሜትር ውሃ ብቻ ላላት መርከብ እንዲህ ያለ ስህተት አደጋ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ወለል» ነው። «ከባሕር ወለል በላይ» ስንል የውሃውን ከፍታ፣ «የባሕር ወለል» ላይ የተኛ ገመድ ስንል ደግሞ ታችኛውን መሬት እንላለን። አንድ ቃል ለላይም ለታችም! በጥልቀት ጽሑፍ ውስጥ «የውሃው ገጽ» እና «የባሕሩ ታች» ብለው ይለዩ። ሶናሩ ግን ከሁለቱም አይጀምርም፤ የሚለካው ድምፅ መላኪያው ከተገጠመበት ነው። መላኪያው ከውሃው ገጽ 6 ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ የባሕሩ ጥልቀት 156 ሜትር ይሆናል።

«ስለተመለሰ… ይጠልቃል» የሚለውም ይታረም፤ ባሕሩ የጠለቀው ድምፁ ስለተመለሰ አይደለም። እንዲህ ይሁን፦ «ራስ መሯ መርከብ ወደ ታች የላከችው ድምፅ ከባሕሩ ታች ነጥሮ በ0.2 ሰከንድ ደርሶ ተመለሰ፤ በዚህም መርከቧ ከድምፅ መላኪያው በታች ያለውን ጥልቀት 150 ሜትር ብላ ለካች።»