ሳይታሰብ የተገኘ የአንጎል ዕጢን መከታተል፦ ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ሜኒንጂዮማ ነው። ከአንጎል ሽፋን የሚነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። እንደ ራዲዮሎጂ ሐኪም የማውቀውን እመልሳለሁ፤ ፊልማችሁን ያየው ሐኪም ቃል ግን ይቀድማል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ባጃጅ ገጭቶኝ ሲቲ ስካን ስነሣ 2 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ተገኘብኝ። ምንም አያመኝም። ለምን አይወጣልኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ምልክት ለሌለው ትንሽ ዕጢ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ከዕጢው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ብዙዎቹ ለዓመታት ባሉበት ይቆያሉ። ሮተርዳም ውስጥ 2,000 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሥተው ከመቶ አንድ የሚጠጉት ሳያውቁት ይኸው ዕጢ ተገኝቶባቸዋል።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ በየስንት ጊዜው ልነሣ?

መልስ፦ የተለመደው መጀመሪያ ከ6 ወር በኋላ አንዴ፣ ከዚያ በየዓመቱ፣ 5 ዓመት ካልተለወጠ ደግሞ በየ2 ዓመቱ ነው። ካልሲየም የያዘው ዕጢ ዕድገቱ ቀስ ይላል። ዙሪያው ያበጠ ከሆነ ወይም ታማሚው ወጣት ከሆነ ቀጠሮው ይቀራረባል።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ የእናቴ ዕጢ አምና 20 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዘንድሮ 21 ይላል። አደገ?

መልስ፦ እህቴ፣ 1 ሚሊ ሜትር የለኪው ወይም የማሽኑ ልዩነት ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በየዓመቱ ከአምናው ጋር ብቻ እየተወዳደረ “ለውጥ የለም” ሲባል፣ ዕጢው በ5 ዓመት 25 ይደርሳል። በቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላል፤ በይዘት ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም! ስለዚህ ንጽጽሩ ከመጀመሪያው ምስል ጋርም ይሁን። የሪፖርቱ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ሲዲውን ተቀበሉ፣ ግልባጩንም ስልካችሁ ወይም ፍላሽ ላይ አኑሩ። ጎንደርም ተነሡ አዲስ አበባ፣ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ በአንድ ዓይነት ምርመራ ተነሡ፤ የሲቲ ልኬት ከኤምአርአይ ልኬት ጋር በትክክል አይወዳደርም። አደራ የምላችሁ ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ለዓመታት ተወግቻለሁ፤ አሁን ሜኒንጂዮማ አለብሽ ተባልኩ።

መልስ፦ ለሐኪምሽ ዛሬውኑ ንገሪ። በፈረንሳይ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ መርፌውን ከዓመት በላይ በተጠቀሙ ሴቶች ላይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሜኒንጂዮማ ዕድል ወደ 5.6 እጥፍ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ዕጢ ራሱ ብርቅ ስለሆነ ጤነኞቹ አይደንግጡ። ላንቺ ግን ሆርሞን የሌለው፣ ለምሳሌ የመዳብ ሉፕ፣ ይሻላል። ሌላ መከላከያ ሳትይዢ አታቋርጪ።

ጥያቄ፦ አባቴ ጠበል መግባት ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ይግቡ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካላቸው ግን አንድ ቀንም አያቋርጡ፤ ቀጠሮም አይለፋቸው። ድንገት ከጣላቸው፣ አንድ ጎናቸው ከደከመ፣ ዓይናቸው ከደበዘዘ፣ ወይም እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትና ትውከት ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዷቸው።