አንጀቱ አይደለም

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ያለች ልጅ በሳህን ሁለት ቋሊማ ይዛ መጣች። እኅቷ ከዱባይ የላከችላትን የኤሌክትሪክ ሥጋ መፍጫ ከሳጥኑ ካወጣች ገና ወሯ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ» አለችኝ። ቀመስኩ። ቅመሙ ደኅና ነው፤ ኮረሪማዋን አላበዛችም። ሥጋው ግን አፌ ውስጥ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። አንጀቱ ተጨማድዶ ጎኑ ላይ ፈንድቷል። ስቡ ሁሉ መጥበሻው ላይ እንደቀረ ሳልጠይቃት አወቅሁ።

«አንጀቱ ነው አይደል?» አለች። «የምታግዘኝ ልጅ በደንብ አላጠበችውም መሰለኝ። ሁለተኛ እንዳትነካው ነግሬያታለሁ።»

ሻይ ላፍላልሽ ብያት ወደ ጓዳ ገባሁ። ለ41 ዓመት በሆቴል ወጥ ቤት የኖርኩ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አላጣም፤ ግን ወዲያው ልመልስላት አልቻልኩም። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ በየቤታችሁ ሥጋ መፍጨት ለጀመራችሁ ልጆች ነው።

በ1976 ዓ.ም. ድሬዳዋ በአንድ ሆቴል ረዳት ወጥ ሠሪ ነበርኩ፤ 23 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ በባቡር ስወርድ አዋሽ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ መልሼ አልለበስኩትም። አለቃችን ሙያውን ከጣሊያኖች የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይናገሩም። ስለ ቋሊማ የነገሩኝም አንድ ጊዜ ነው፦ ሥጋው ማቀዝቀዣ ክፍል ይደር፣ የመፍጫው ብረትም አብሮት ይደር።

አንጀት የሚያጥቡልን አንዲት ሴት ነበሩ። እትዬ ብቻ ነበር የምንላቸው። ከደቻቱ ማዶ፣ ከመጋላ፣ ጎህ ሳይቀድ በእግራቸው ይመጣሉ። የበጉን አንጀት በቀጭን ሸምበቆ ይገለብጡታል፤ በጨውና በሎሚ ያሹታል፤ ልፋጩን በቢላዋ ጀርባ ይፍቁታል። በመጨረሻ ውኃ ሞልተውበት ወደ መብራቱ ከፍ ያደርጉታል። ቀዳዳ ካለው ውኃው እንደ መርፌ ቀጥኖ ይረጫል፤ ያን ቦታ ቆርጠው ይጥሉታል። ከእርሳቸው እጅ የወጣ አንጀት በጣት ሲይዙት መያዝዎን እንኳን አይሰማዎትም ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ትልቅ ሠርግ መጣ። ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ጾም የሌለበት ስለሆነ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረብ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ሥጋውን ተረክቤ፣ ቆራርጬ፣ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ማሳደር የእኔ ሥራ ነው። ጓደኞቼ ሲኒማ ጠሩኝ። ነገ በማለዳ እረከበዋለሁ ብዬ ሄድኩ። ፊልሙ የህንድ ነበር፤ አለቅጥ ረጅም ከመሆኑ በቀር ምንም አላስታውስም።

ቅዳሜ ንጋት ላይ 40 ኪሎ ሥጋ ተረከብኩ። ገና ከቄራ መውጣቱ ነው፤ ሲነኩት ይሞቃል። የድሬዳዋን የግንቦት ጠዋት ለሚያውቅ የቀረውን መናገር አያስፈልግም። የመጀመሪያው አምስት ኪሎ ደኅና ወጣ። ከዚያ የመፍጫው አንገት ሞቀ። ከቀዳዳዎቹ ቀይና ነጩ ተለይቶ እንደ ክር መውረድ የሚገባው ሥጋ አንድ ላይ ተላቁጦ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ እንደ ሊጥ ይወርድ ጀመር። አየሁት። ማቆም እንዳለብኝም አወቅሁ። ሰዓቱን አየሁና ቀጠልኩ።

ስጨርስ እጄ እስከ አንጓዬ ነጭ ስብ ለብሷል። ቧንቧ ስር ባደርገው ውኃው በላዩ ላይ ይንከባለላል እንጂ አያስለቅቀውም። እትዬ ከጥጋቸው ሆነው ሲያዩኝ ነበር። ከምድጃው ለብ ያለ ውኃ በጣሳ ቀድተው መጡ፤ ሳሙና አቀበሉኝ፤ እያፈሰሱልኝ እጄን አስታጠቡኝ። «ስቡ ቀልጧል» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አራት ሰዓት ላይ አለቃችን ሦስት ቋሊማ ለሙከራ ጠበሱ። ስቡ ከመጥበሻው አፍ እስኪደርስ ፈሰሰ። አንጀቱ ተኮማትሮ ፈነዳ፤ ውስጡ ያለው ሥጋ የመጋዝ ብናኝ መሰለ። ሽማግሌው የፈነዳውን አንጀት በሹካ አንሥተው «ይህን ማን አጠበው?» አሉ።

እኔ በአንድ ክንድ ርቀት ቆሜያለሁ። እትዬ ወደ እኔ አልዞሩም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው «እኔ ነኝ» አሉ። ውሸት አልተናገሩም፤ የተጠየቀው አንጀቱን ያጠበው ነው፣ ያጠቡትም እርሳቸው ናቸው። ሥጋውን ማን ፈጨው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም።

ወሩ ሲያልቅ ከሥራ ተሰናበቱ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ራሴ አለቃ ከሆንኩ ወዲያ፣ ድሬዳዋ ወርጄ መጋላ ውስጥ ጠየቅሁ። ልጃቸው ጋ ሄደዋል አሉኝ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልፈለግሁም። ሁለት ቤት አንኳኳሁና ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተመለስኩ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልምጣ። ቋሊማ ወዙን የሚይዘው ስቡ ጠንካራ ቁራጭ እንደሆነ በሥጋው መካከል ሲቀመጥ ነው። ሲሞቅ ይቀልጥና የሥጋውን ቅንጣት ሁሉ ይቀባዋል፤ ስብ የተቀባ ሥጋ ደግሞ እርስ በርሱ አይያያዝም። እሳት ሲነካው ስቡ ይፈስሳል፤ ሥጋው ይደርቃል፤ አንጀቱም የሚሸከመው አጥቶ ይኮማተራል። ምንም ያህል ቢታጠብ ይህን አያድንም።

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ከልኳንዳ የምትገዙት ሥጋ ብዙውን ጊዜ በዚያው ሌሊት የታረደ ነው። ለቁርጥ ግሩም ነው፤ ለመፍጫ ግን አንድ ሌሊት ይቀረዋል። በማግሥቱ በአውራ ጣት መጠን ቆራርጡት፤ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ዳር ዳሩ ጠንከር እስኪል ግማሽ ሰዓት ያህል በረዶ ቤት አስገቡት። ቢላዋውንና ባለ ቀዳዳውን ብረት አትርሱ። ጅማቱን አውጡ፤ ቢላዋው ላይ ከተጠመጠመ መፍጫው መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል። ሽንጥ ገዝቶ ቋሊማ መሥራት ገንዘብ መጣል ነው፤ ወርችና ፍሪንባ ይበቃል፤ ከአራት እጅ አንዱ ስብ ይሁን። ጨው ለአንድ ኪሎ ከ15 እስከ 18 ግራም። የተፈጨውን ከጨውና ከጥቂት በረዷማ ውኃ ጋር እሹት፤ መዳፋችሁን ስትገለብጡት ሳይወድቅ ተጣብቆ ከቀረ ደርሷል። ስለ ቅመም አልጽፍም፤ እናቶቻችሁ አሉ።

ጀርመኖች ግን ትኩስ ሥጋ በጨውና በበረዶ እየፈጩ ቋሊማ ይሠራሉ፤ ያልቆየ ሥጋ ከጨው ጋር እንዲያውም ይበልጥ ይያያዛል። ስለዚህ አለቃችንም እኔም ያልነው ሁሉ የማይሻር ሕግ አይደለም። በረዶውን ግን እነርሱም አልተዉትም።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ሠላሳ ቪዲዮ አይታችሁ ሥጋውን በእጃችሁ ሳትነኩ ትጀምራላችሁ። ሁሉን በመሣሪያ ትለካላችሁ፤ ጓንት አጥልቃችሁ የስብ መቅለጥ እንዴት ይሰማችሁ? እጃችሁን እመኑ። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ሙቀት መለኪያ ግዙ ልላችሁ ነው፦ የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ ሳይደርስ አይበላም፤ እጅ ደግሞ ይህን አያውቅም። ላዩ ላይ የነበረው ተሕዋስ ሲፈጭ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ጨውና ቅመሙን ለማወቅ ጥሬውን አትቅመሱ፤ ቁንጣሪ ጠብሳችሁ ሞክሩ። ክትፎ አፍቃሪው ሰውዬ ይህን መናገሩ ያስቃል፤ አያቴ በየሁለት ወሩ ኮሶ ትጠጣ የነበረው ግን ጣዕሙን ወዳው አልነበረም።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ልጅቱ ስልኳን እያየች ነበር።

«ፈጭተሽ ስትጨርሺ መፍጫው ሞቆ ነበር?» አልኳት።

«እጅ ያቃጥል ነበር።»

«ሥጋውን መቼ ገዛሽው?»

«ያን ዕለት ጠዋት።»

ቅዳሜ መፍጫዋን ይዛ እንድትመጣ፣ የምታግዛትንም ልጅ ይዛት እንድትመጣ ነገርኳት።

«እሷ ምን ታደርጋለች?» አለችኝ።

«እጄን ታስታጥበኛለች» ልል ነበር፤ ተውኩት። «የምነግራት አለኝ» አልኳት።