ከአንድ ትሪ እየበላሁ ካሎሪ እንዴት ልቁጠር ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። 34 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 86 ኪሎ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው ብለሻል። የእህትሽ ሰርግ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ እስከዚያ 15 ኪሎ መቀነስ ፈልገሻል። ጎረቤትሽ እራት ተዪ፣ ከሰዓት ትንሽ ቃሚ፣ ምግብ ይዘጋልሻል አለችሽ። ሌላው ደግሞ ካሎሪ ቁጠሪ አለሽ፣ አንቺ ግን ቤት ውስጥ አምስት ሆናችሁ ከአንድ ትሪ ነው የምትበሉት። አቦ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። እኔም እዚሁ ድሬ ነው የምኖረው። ከ91 ኪሎ ተነስቼ አሁን 70 ላይ ነኝ፣ ከዓመት በላይ ፈጅቷል፣ ተመልሶም አልመጣብኝም። ስለዚህ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የጎረቤትሽን ምክር እንጨርስ። ጫት ምግብ ይዘጋል፣ እውነት ነው። ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ ረሃቡን የሚያጠፋው እሱ ነው። ግን ያው ንጥረ ነገር የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ምርቃናው ሲበርድ ሌሊት ላይ ረሃቡ ከነወለዱ ይመጣል። በርጫ ላይ ደግሞ ምን እንደሚቀርብ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ለስላሳው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለውዙ። 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ወደ 130 ካሎሪ ነው። 100 ግራም ለውዝ ወደ 570 ካሎሪ ነው፣ በወሬ መሃል እፍኝ እፍኝ ሲሉት ሳይታወቅ ያልቃል። ሳይቀመስ የዋለ ምሳ በዚህ በኩል ገብቷል ማለት ነው፣ ጉልበት የሚሆን ምንም ሳይበላ። እባክሽ በዚህ መንገድ አትግቢ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሚፍሊን የሚባለው ቀመር አለ፣ ከ1990 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ክብደት በ10 ይባዛል፣ ቁመት በሴንቲሜትር በ6.25 ይባዛል፣ ይደመራሉ። ከዚያ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፣ ለሴት ደግሞ 161 ይቀነሳል። ያንቺ 1,540 አካባቢ ይመጣል። ይህ ተኝተሽ ብትውዪ እንኳ ሰውነትሽ የሚያቃጥለው ነው። ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው በ1.2 ሲባዛ ወደ 1,850 ይሆናል። ከዚህ 400 ብትቀንሺ 1,450 ይቀራል፣ ያንን ያዢ። ከ1,200 በታች ያለ ሐኪም ክትትል አትውረጂ። በጣም ሲያንስ ጡንቻ ይሟሟል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ የወር አበባ ይዛባል፣ የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል። ከሁሉም በላይ አይዘለቅም።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ነው። 400ውን ከምግብ፣ 100 አካባቢውን ደግሞ ከእርምጃ አድርገሽ በቀን 500 ብታጎድይ በሳምንት ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው የሚወርደው። ስለዚህ በሁለት ወር 15 ኪሎ አይሆንም፣ እንዲሆንም አትመኚ። 4 ኪሎ፣ ከተመቸሽ 5 ይሆናል። ይህ ቁጥር አይነስብሽ። ከክብደቱ 5 ከመቶ የቀነሰ ሰው ደም ግፊቱና ስኳሩ ላይ ለውጥ ይታይበታል፣ ያንቺ 5 ከመቶ ደግሞ 4 ኪሎ ከምናምን ነው። በሰርጉ ቀን ጤናሽ ላይ ለውጥ ጀምሯል ማለት ነው፣ የቀረው ከሰርጉ በኋላ ይቀጥላል።

እንጀራ ላይ ሰው ሁሉ ይጮሃል። እኔ እንጀራ አላቆምኩም፣ አንቺም አታቁሚ። ስልክ ላይ ያሉት አፖች የኛን ምግብ በደንብ አያውቁትም፣ አንዱ እንጀራ ብለሽ ስትጽፊ የሚያወጡት ቁጥር እንደ አፑ ይለያያል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,600 ካሎሪ አካባቢ ነው። የማሽላም ዱቄት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከአንድ ኪሎ ስንት እንጀራ እንደሚወጣሽ ቁጠሪ። 8 ከወጣ አንዱ 450 ነው፣ 10 ከወጣ 360። ምጣድሽና እጅሽ ነው የሚወስነው። በቃ፣ ይኸው የራስሽ ቁጥር። አንድ እንጀራ ለምሳ፣ ግማሽ ለእራት ብትበዪ በ1,450 ውስጥ በሚገባ ይገባል።

ሰው የማያየው ዘይቱን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ቅቤም ቢሆን ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ ቅቤ ጤና ነው እያሉ አብዝቶ መጨመር ለክብደት ምንም አይጠቅምም። ቤትሽ 5 ሊትር ጀሪካን በስንት ጊዜ ነው የሚያልቀው? ለአምስት ሰው በወር ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን ወደ 33 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፣ ይህ ደግሞ 270 ካሎሪ ነው። በሁለት ሳምንት ካለቀ እጥፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ነገር ያለው። ሰውዬው እንጀራ ትቶ ከዘይት የሚንሳፈፍ ቁሌት በማንኪያ ሲበላ አይቻለሁ፣ ዳይት ላይ ነኝ እያለ።

በምስር ላሳይሽ። ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ ወደ 1,750 ካሎሪ ነው። ሽንኩርቱ ግማሽ ኪሎ ቢሆን 200፣ በርበሬው 100 አካባቢ። እስከዚህ 2,050 ነው። አሁን ዘይት። ድስቱ ላይ ዝም ብለሽ ስታንቆረቁሪ 150 ሚሊ ሊትር በቀላሉ ይገባል፣ ወደ 1,220 ካሎሪ። ጠቅላላው 3,270 ሆነ፣ ለስድስት ሲካፈል 545። አራት ማንኪያ ለክተሽ ብታደርጊ ግን ጠቅላላው 2,530 ነው፣ ለስድስት 420። ያው ምስር፣ ያው ጣዕም፣ በአንድ ሰው ድርሻ 125 ካሎሪ ልዩነት። እኔ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውሃ ብቻ አበስለዋለሁ፣ ጠብ ጠብ እያደረግኩ፣ ውሃው መጥጦ ድስቱ ስር መያዝ ሲጀምር ትንሽ ውሃ ጨምሬ አሁንም አማስላለሁ። ሽንኩርቱ ቡናማ ሆኖ ሲልም ነው ዘይቱ የሚገባው፣ ከዚያ በርበሬው። ወጡ አይገረጣም፣ ማንም ቤት ውስጥ አላወቀብኝም።

ትሪው ላይ ደግሞ፣ ይህ ነው ዋናው ጥያቄሽ። ከጋራ ትሪ ላይ ጉርሻ እየቆጠሩ መብላት አይቻልም፣ አትሞክሪው፣ ምግቡም ፍቅሩም ይበላሻል። እኔ የማደርገው ሲቀርብ የኔን እንጀራ ለብቻ ጠቅልዬ ከፊቴ በኩል አስቀምጣለሁ፣ ወጡንም ከድስቱ ስናወጣ የኔን ድርሻ በጭልፋ ለክቼ በፊቴ እጨምራለሁ። ጭልፋዬ ስንት እንደሚይዝ አንዴ በሚዛን አይቼዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ መመዘን አላስፈለገኝም። አብሬ ተቀምጬ፣ ከትሪው፣ እያወራሁ ነው የምበላው። ፊቴ ያለው ሲያልቅ እጄን እታጠባለሁ። እጅ ሳይታጠቡ መቀመጥ ነው አንድ ሁለት እያለ የሚያስቀጥለው። እናትሽ ወይ አማትሽ ብዪ እንጂ ሲሉሽ፣ ዳይት ላይ ነኝ ማለት አያዋጣም፣ ክርክር ይነሳል። ጠገብኩ እናቴ፣ እጅሽን ይባርከው በዪ። ጉርሻ ከመጣ ተቀበዪ፣ አንዷን ቁጠሪያት። ሰው ፊት ጉርሻ መመለስ ቤት ያስከፋል፣ ለ50 ካሎሪ ብለሽ ሰው አታስቀይሚ።

ሻይ እንዳትረሺ። እኛ ከተማ ሻይ ያለ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ አይባልም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ነው፣ ሦስቱ 48። በቀን አምስት ብርጭቆ የምትጠጪ ከሆነ 240 ነው፣ ከግማሽ እንጀራ በላይ። በአንድ ጊዜ አትተዪው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፣ ምላስሽ ይለምደዋል። ስፕሪስም እንደዚያው፣ አቮካዶው ላይ ሲረፕ ሲጨመር ሙሉ ምሳ ነው። ፍሬውን እንዳለ ብዪው፤ 100 ግራም ፓፓያ 43 ካሎሪ ብቻ ነው፣ ማንጎ 60። ፈጢራና ሳምቡሳ በሳምንት አንዴ ይበቃሻል።

የሚያጠግብሽ ፕሮቲን ነው። ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላል 140 ካሎሪ ነው። ፉልም ጥሩ ነው፣ ላዩ ላይ የሚፈስሰውን ዘይት አሳንሱልኝ ካልሽ። እዚህ አገር ያለን ትልቁ ዕድል ደግሞ የፍየል ሥጋ ነው። ያለ ተጨማሪ ዘይት የተጠበሰ ቀይ የፍየል ሥጋ በ100 ግራም 145 ካሎሪ አካባቢ ሆኖ 27 ግራም ፕሮቲን አለው። ከበግ በብዙ ይቀላል። ፆም ላይ ከሆንሽ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ሽሮ ላይ ዘይቷን ተጠንቀቂ። ረመዳን የምትፆሚ ከሆነም ቁጥሩ ያው 1,450 ነው፣ ሰዓቱ ነው የሚለወጠው፤ ማፍጠሪያ ላይ ቴምርና ሾርባ ቀድሚ፣ ሳምቡሳውን ቆጥረሽ ውሰጂ።

እንቅስቃሴ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው የሚለው። በድሬ ሙቀት ከረፋዱ በኋላ ልሩጥ ብትዪ ራስሽን ነው የምትጎጂው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ውጪ፣ ከዚራ ዛፎቹ ስር ያለው መንገድ ያኔ ቀዝቃዛ ነው፣ የሚራመዱ እናቶችም ስላሉ ብቻሽን አትሆኚም። ሳቢያን ከሆንሽ እዚያው ሰፈርሽ ዙሪያ ይበቃል። ፈጠን ያለ ግማሽ ሰዓት እርምጃ ባንቺ ክብደት ወደ 150 ካሎሪ ያቃጥላል፣ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ዛሬ ተራምጃለሁ ብለሽ ምግብ ላይ አታካክሺው። እርምጃው ጥቅሙ ለልብሽ፣ ለስኳርሽና ለእንቅልፍሽ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ጨምሪ፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ማንሳት። ጡንቻ ካልሠራ ከስቡ ጋር አብሮ ይሄዳል። ውሃ በብዛት ጠጪ፣ ላብሽ እዚህ ከተማ ሳታውቂው ነው የሚደርቀው።

ሚዛን በሳምንት አንዴ ይበቃል፣ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳትቀምሺ፣ ሁሌ በአንድ ሚዛን። መንገድ ላይ ልጆቹ የሚመዝኑበት በተለያየ ቀን የተለያየ ሚዛን ላይ ከወጣሽ ቁጥሩ ያደናግርሻል። ጨው የበዛበት ምግብ ወይ የወር አበባ ሲቃረብ አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል፣ ውሃ ነው። ወገብሽንም በሜትር ለኪ። አንዳንዴ ሚዛኑ ቆሞ ቀሚሱ ይሰፋል።

ስለሚሸጡት የማክሻ ሻዮችና ኪኒኖች፣ ብዙዎቹ ሻዮች የሚያስቀምጡ ናቸው። ውሃ ነው የሚያወጡብሽ፣ ስብሽ እዚያው ነው። ምን እንዳለባቸው የማይታወቁ ኪኒኖች ደግሞ ልብ ላይ ይመጣሉ። ገንዘብሽን ለዕንቁላል አውዪው። ከመጀመርሽ በፊት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደም ግፊትና ስኳር ተለኪ። የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይ ግሊቤንክላማይድ፣ ምግብ ስትቀንሺ ስኳርሽ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ሳታማክሪ አንድም ነገር እንዳትጀምሪ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነም ይህ 1,450 ያንቺ አይደለም፣ ሐኪም ይንገርሽ።

በዚህ ሳምንት ምንም አትቀንሺ። ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ፤ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣሽ ቁጠሪ፣ ዘይቱን ደግሞ ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በማንኪያ እየለካሽ ጻፊ። የሻዩንም ስኳር ጨምሪበት። ቁጥሮቹን እዚሁ ስር ላኪልኝ፣ የቀንሽን ምግብ አብረን እናወጣዋለን።