ሌየርቲስ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ የአማተር ቴአትር ክበብ አባል ነኝ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ሐምሌት» ለመድረክ እያዘጋጀን ነው። ተውኔቱ ስለረዘመብን አዘጋጃችን የሌየርቲስንና የኖርዌዩን ልዑል የፎርቲንብራስን ክፍል በአብዛኛው እንድንቆርጥ ሐሳብ አቅርበዋል፤ «ታሪኩ የሐምሌት ነው፣ እነሱ አጃቢ ናቸው» ይላሉ። ለመሆኑ አጃቢ ገጸ ባሕርይ ለዋናው ምን ይሠራለታል?
ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ታሪኩ የሐምሌት መሆኑ እውነት ነው፤ ሐምሌትን ግን የምናውቀው በእነዚህ ሁለት ወጣቶች ጭምር ነው። ሼክስፒር አባታቸው የተገደለባቸውን ሦስት ልጆች በአንድ መድረክ ላይ ያቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐምሌትን አባት፣ የዴንማርክን ንጉሥ፣ የሐምሌት አጎት ክላውዲየስ በተኛበት በጆሮው መርዝ አፍስሶ ገድሎታል፤ የሌየርቲስን አባት ፖሎኒየስን ከመጋረጃ ጀርባ እንደተደበቀ ሐምሌት ራሱ ወግቶታል፤ የፎርቲንብራስ አባት ደግሞ ከሐምሌት አባት ጋር አንድ ለአንድ ተፋልሞ ወድቋል። ለሦስቱም የቀረበው ፈተና ተመሳሳይ በመሆኑ፣ የአንዱ አመላለስ የሌላውን ጠባይ ያጋልጣል።

ሁለት ትዕይንቶችን ጎን ለጎን ያንብቡ። በሦስተኛው ገቢር ሐምሌት ክላውዲየስን ተንበርክኮ ሲጸልይ ያገኘውና ሰይፉን ይመዝዛል፤ ነገር ግን በጸሎት ላይ ሳለ ብገድለው ነፍሱ መንግሥተ ሰማያት ትገባለች ብሎ ይመልሰዋል። በአራተኛው ገቢር ክላውዲየስ ሌየርቲስን፣ የአባትህ ልጅ መሆንህን በሥራ ለማሳየት ምን ታደርጋለህ ብሎ ሲጠይቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቢሆን የሐምሌትን አንገት እቆርጣለሁ ይላል። ይህች አጭር መልስ ከተቆረጠች ተመልካቹ የሐምሌትን ማመንታት እንደ አስተዋይነት ብቻ ቆጥሮት ሊያልፍ ይችላል።

ይሁን እንጂ ሌየርቲስ ለሐምሌት አርአያ እንዲሆን የተፈጠረ አይደለም፤ በእኔ አስተያየት የጸሐፌ ተውኔቱ ብልኀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁጣው ማሰቢያ ጊዜ ስላልሰጠው የአባቱን ደም ሊበቀል መጥቶ የክላውዲየስ መሣሪያ ሆኖ ያርፈዋል፤ ሰይፉን በመርዝ ልቀባው የሚለው ራሱ ነው፣ የሚሞተውም በዚያው መርዝ ነው። እንግዲህ የሐምሌት መዘግየት በሌየርቲስ ጥድፊያ ፊት ጎልቶ እንደሚታይ ሁሉ፣ የሌየርቲስም ጥድፊያ የሚለካው በሐምሌት መዘግየት ነው። ተዋናያችሁ ሌየርቲስን ጉረኛ ቂል አድርጎ ከተጫወተው ግን ሚዛኑ ይሰበራል፤ ኀዘኑ ከሐምሌት ኀዘን ያላነሰ እውነተኛ ሆኖ መታየት አለበት።

የፎርቲንብራስ ነገር ይለያል። አምስት ዱካት (የጥንት የወርቅ ሳንቲም) እንኳ ለማያወጣ ቁራሽ መሬት ሠራዊት ይዞ ሲያልፍ ሐምሌት ተመልክቶ ራሱን ስለ መዘግየቱ በረጅሙ ይወቅሳል። ይህ ንግግር በ1623 እ.ኤ.አ. በታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች ጥራዝ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ ከዚህ መጀመር ነውር የለውም። ከሌየርቲስም በመጀመሪያው ገቢር ለእኅቱ ለኦፌልያ የሚሰጠውን ረጅም ምክር ማሳጠር ትችላላችሁ። ከክላውዲየስ ጋር የሚነጋገርበትን ትዕይንት ግን አትንኩት።